የሰማሽውን ጻፊ

ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚላት። ሲጀመር ለማሾፍ ነበር፤ ቆይቶ ማሾፉ ተረሳና ስም ሆኖ ቀረ። እሷም ከመልመዷ የተነሳ፣ አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ ቢጠሯት ዝም ብላ ተቀምጣ ተራዋ አለፋት።

ሥራዋ መስማት ነው። ከጎሚስታ በላይ ባለ ፎቅ፣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫዋን ደፍታ ትውላለች። ሰዎች ተናግረው የሄዱትን ትሰማለች፤ የሰማችውን ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፁንና ጽሑፉን ጎን ለጎን እያስተያየ የትኛው ድምፅ የትኛው ቃል እንደሆነ ይማራል። ማራገቢያው ይጮሃል ተብሎ ስለማይከፈት ክፍሉ በጣም ይሞቃል። ከታች የጎማ መንፊያው ማጓራት ሲጀምር ሁሉም እጁን አጣጥፎ እስኪያበቃ ይጠብቃል።

አለቃቸው ኢንጂነሩ ነው። ሥራ የጀመረች ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል የድምፅ መስመር አሳይቷት ነበር።

«ይሄ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው» አላት። «እስቲ አንዱ ቃል አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን አሳዪኝ።»

ፈለገች፤ አጣች። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ነበር።

«የለም እኮ! ሰው ሲናገር በቃልና በቃል መሀል አያቆምም። የምንቆራርጠው እኛ ነን፣ እዚህ ውስጥ» አለና ግንባሩን መታ መታ አደረገ። «ሰው በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በሚጠብቀውም ይሰማል። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። ለዚህ ነው አንድ ሕግ ብቻ ያለን። የሰማሽውን ጻፊ፤ የመሰለሽን አይደለም። ማሽኑ የሚያውቀው አንቺ የነገርሽውን ብቻ ነው።»

ሕጉ ግልጽ ነበር። ለዚህ ሕግ ከእሷ የባሰ ሰው ግን ተፈልጎም አይገኝም።

እናትና አባቷ አንድ ቤት እየኖሩ አይነጋገሩም ነበር። ለምን እንደተኳረፉ የነገራት የለም፤ አይኗን ከገለጠች ጀምሮ እንደዚያው ነበሩ። አባት ሳሎን፣ እናት ወጥ ቤት፣ መሀል ላይ ደግሞ እሷ። «ያንን ጉድ ራት ቀርቧል በይው» ትላታለች እናቷ። ትንሿ መልእክተኛ ኮሪደሩን እስክታቋርጥ ቃሉ ሌላ ሆኗል፦ «አባዬ፣ እማዬ ‹ሳይቀዘቅዝበት ይምጣ› ብላለች።» አባት ደግሞ ሳህኑን ገፍቶ «ዘንድሮም ጨው አታውቅም?» ሲል፣ እሷ ተመልሳ «እጅሽ ይባረክ ብሏል፤ ትንሽ ጨው ብቻ ጨምሪለት» ትላለች። ቤቱ እንዲህ እንዲህ እያለ አባት እስኪሞት ድረስ ሳይፈርስ ቆየ። ቃል አለስልሳ ቤት ያቆመች ልጅ፣ አድጋ ሰው ያለውን እንዳለ ጻፊ ስትባል ምን ይዋጣት?

አስተማሪው የመጣው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው።

መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። በጎልማሳነቱ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው እስኪደነቁ ድረስ፣ ስትሮክ መታው። እጅና እግሩ ዳኑ። ሐሳቡም እንደ ድሮው የሰላ ነው። ምላሱ ግን አልተመለሰም። ሲናገር ቃሎቹ እርስ በርስ ይጣበቁና አንድ ረጅም ማጉረምረም ይሆናሉ። ማሰልጠኛው ከሥራ አሰናበተው፤ ተማሪዎቹ ያዘኑለት እንጂ የሰሙት አልነበሩም።

ኢንጂነሩ ያሰበው ነገር ለዚህ ሰው ብቻ የሚሆን ማሽን ነው። የሱን ንግግር ብቻ ይማራል፤ ስልኩ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ሲናገር ስልኩ ተቀብሎ ጥርት ባለ ድምፅ ይደግመዋል። ለዚህ ግን ሰውየው ብዙ ማውራት አለበት፤ ያወራውን ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት።

«እባክዎ እዚህ ይቀመጡ» አለችው ጆሮ።

ዙሪያውን አየና የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«አመሰግናለሁ ነው የሚልሽ» አለች እህቱ። ሁልጊዜም እሷ ነበረች የምትናገርለት። ውሃ ጠምቶታል። ደክሞታል። ደስ ብሎታል። እሱ ያን ጊዜ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል።

ጆሮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች። «አይደለም እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «‹ይሄ ክፍል ነው ወይስ ፍራሽ?› ነው ያሉት።»

ሰውየው ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። ለረጅም ጊዜ አያት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ምን እንደነበር ጆሮ በኋላ ብዙ ቀን አስባበታለች፤ ያን ጊዜ ግን የታያት ታስሮ የቆየ ሰው በሩ ሲንኳኳ ቀና ማለቱ ነው። ከዚያ በግማሽ አፉ ሳቀ። እህቱ ሲስቅ ካየችው ቆይታ ስለነበር ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ፈለገች።

«እርስዎ አትበይኝ» አለ። «ሽማግሌ አስመሰልሽኝ።»

ጆሮ ይህንንም ሰማች።

ከዚያ በኋላ ቀን በቀን ላይ እየተደራረበ ሄደ። መጀመሪያ ግማሹን ቃል ብቻ ነበር የምትይዘው። ከዚያ የትኛውን ፊደል እንደሚውጥ፣ የትኛውን እንደሚጎትት ለየች። ጆሮ ሰውን ይለምዳል፣ አዲስ ጫማ እግርን እንደሚለምደው። ጥቂት ቆይቶ አፉን ሲከፍት ነገሩ ይገባት ጀመር።

«ያንን ማነው የሚሉትን…» ይላል።

«የድምፁን መቀነሻ?»

«አዎ! እሱን ቀንሺና…»

«በሩን ልክፈት።»

«እኔ ዝም ልበልና አንቺ ብቻሽን አውሪ እንግዲህ!» ይላታል፤ ይስቃሉ። ከታች የጎማ መንፊያው ሲያጓራ ሁለቱም ዝም ብለው ይተያያሉ። ዝምታው ሲረዝም እሷ የማዳመጫዋን ገመድ ትጠመጥማለች፤ እሱ የሌለ አቧራ ከሱሪው ላይ ያራግፋል።

አንድ ቀን እህቱ ልትወስደው ስትመጣ አስተማሪው ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«እንደ ሕፃን አትጎትቺኝ፤ በቃኝ! ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምመጣው» አላት።

«ምን አለ?» አለች እህቱ ወደ ጆሮ ዞራ። የዋህ ፊቷ ላይ ድካም ተጋድሞበታል።

ጆሮ አፍታም አልቆየችም። ኮሪደሩን ታውቀዋለች። «‹እትዬ፣ ለኔ ብለሽ ብዙ ደከምሽ፤ ከእንግዲህ ብቻዬን ልምጣ፣ አንቺም እረፊ› ነው የሚለው።»

የእህቱ ዓይን እንባ ሞላ። ወንድሟን ግንባሩን ሳመችውና በደስታ እየተደነቃቀፈች ደረጃውን ወረደች። አስተማሪው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እንደዚያ አላልኩም» አለ።

«ልብህ ውስጥ ግን ነበር።»

«አንቺ ልቤ ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አለ። ሊቆጣ የጀመረው ፊቱ መሀል ላይ ለሰለሰ። እህቱ እንደዚያ ደስ ብሏት ስትወርድ ያየ ሰው መቆጣት አይሆንለትም። ነገሩን እዚያው ተወው። ባይተወው ደግ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አብረው ይወጡ ጀመር። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አስተማሪው ፌርማታው ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«አንቺ ጋ ስሆን አፌ የዳነ ይመስለኛል።»

«ደግመህ በለኝ» አለች።

«ሰምተሽኛል እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ደግመህ በለኝ።»

ደገመላት። እጇን ያዘው። ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ሰዓት ስለነበር ያያቸው አልነበረም። ጆሮ ያን ቀን አንድ ፌርማታ አልፋ ወርዳ ወደ ኋላ በእግሯ ተመለሰች፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

አሁን የጽሑፉን ነገር መናገር ግድ ነው።

አስተማሪው ድምፁን ሲቀዳ የሚያወራው ስለ ማስተማር ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መኪናው ውስጥ እንዳለ አድርጎ፣ ተማሪው አጠገቡ የተቀመጠ ይመስል ይጮሃል። ምላሱ ሳይታሰር በፊት በማሰልጠኛው ውስጥ የታወቀ ተሳዳቢ ነበር፤ ተማሪ ተሰልፎ የሚመርጠው ለዚያ ነው። «ይሄ መሪ ነው እንጂ ሊጥ አይደለም፤ ምን ያስቦካሃል?» «ፍሬን ያዝ አንተ ድንጋይ!» «ስፖኪዮው የተሠራው ኩል ልትኳይበት ነው?»

ጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ ይህን ስትሰማ ትሸማቀቃለች። ሰው ይጠላብኛል ብላ ፈራች። ነገ ይህ ስልክ ገበያ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ቢሮ ለቢሮ የሱ አፍ ሆኖ ሲዞር፣ ሰው ሁሉ እሷ እንደወደደችው እንዲወደው ፈለገች። ስለዚህ «መሪውን ቀስ አድርገህ ያዝ» ብላ ጻፈች። «እባክህ ፍሬን ያዝ» ብላ ጻፈች። መጀመሪያ አንድ ሁለቱን ብቻ ነበር። እየቆየ ግን ጣቶቿ ሳትጠይቃቸው ማለስለስ ጀመሩ። እሱ ሲቆጣ እሷ ታረጋጋለች፤ እሱ ሲያማርር እሷ ታመሰግናለች።

ማሽኑም ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ስልኩን የሞከሩ ቀን አስተማሪው ኢንጂነሩን «እስቲ ከፊቴ ዞር በል፣ ብርሃን ከለከልከኝ» አለው። ስልኩ በሚያምር የወንድ ድምፅ «ይቅርታ፣ ትንሽ ዞር ብትልልኝ» አለ። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። አስተማሪው ስልኩን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ነገር ከኔ የተሻለ አስተዳደግ አለው» አለ ለጆሮ። «ማሽን መሳደብ አይችልም እንዴ?»

ሁሉም እየተደሰተ ነበር። እሱም ዓይኑ በርቷል፤ ማሰልጠኛው መልሶ ሊቀጥረው ቃል ገብቶለታል።

«አይችልም መሰለኝ» አለች ጆሮ።

ሥራ በተመለሰ በሳምንቱ ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ አንዲት ተማሪ የኋላ ማርሽ አስገብታ መኪና ማቆም ትለማመድ ነበር። አስተማሪው ከመኪናው ውጭ በጎን ቆሞ፣ ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመራታል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ እንቅልፍ ወስዶታል። አስተማሪው አየው።

«ቁሚ! ቁሚ አንቺ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸ።

ስልኩም በዚያ በተረጋጋ ድምፁ «እባክሽ ሲመችሽ ትንሽ ቆም በይ» አለ።

ተማሪዋ ጩኸቱን እንደ ወትሮው ማጉረምረም ቆጥራ ስልኩን ብቻ ሰማች። የሚያስቸኩል ነገር አልመሰላትም። መስመሩን ልጨርስና እቆማለሁ ብላ ሄደች። አስተማሪው ሮጦ የመኪናውን ጎን በጡጫ ሲደበድብ ነበር የነቃችው። ያን ጊዜ የዘበኛው እግር በመኪናውና በግድግዳው መሀል ነበር።

ዘበኛው አልሞተም። እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄድም አሉ። አስተማሪው በዚያው ቀን ስልኩን አጥፍቶ ለኢንጂነሩ መለሰ። ቤቱ ገብቶ አፉን ዘጋ። ለእህቱም፣ ለጆሮም፣ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ በፊት ቢያንስ ያጉረመርም ነበር። አሁን ግን ዝም ብሎ በመስኮት ያያል።

ጆሮ ልትጠይቀው ስትሄድ እህቱ በር ላይ ተቀበለቻት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ሰጠኝ» አለቻት እያለቀሰች። «‹ምላስ የሌለው ሰው ማስተማር ምን ቆርጦት! ሰውየውን የሰበረው አፌ ነው› ነው የሚለው።»

ጆሮ ክው አለች። ቤቱ ውስጥ ሳትገባ ተመለሰች።

ኢንጂነሩ ሲጠብቃት ነበር። ከማሽኑ የወጣውን ጽሑፍ ስልኩ ከቀዳው ድምፅ ጋር ሲያስተያይ አርፍዷል።

«ሰውየው የጮኸው አንዲት አጭር ቃል ነው» አላት። «ማሽኑ ግን ረጅም ጨዋነት አወጣ። ከየት ተማረው?»

መልሷን አልጠበቀም።

«ስሚ፣ ለማንም አልናገርም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሽን ነው፣ ይሳሳታል ተብሎ ያልፋል። ለሱም ባትነግሪው ይሻላል። እኔም ሥራዬን እወዳለሁ፣ አንቺም እሱን ትወጂዋለሽ። ጊዜ ሲሄድ ይረሳዋል።»

እንግዲህ የጆሮ መንታ መንገድ ይህ ነበር። ዝም ካለች አስተማሪው የሷ ሆኖ ይቀራል፤ ግን ሰው ሰበርኩ ብሎ ራሱን እየረገመ፣ አፉን እንደዘጋ ያረጃል። ከተናገረች ግን አፉ ይከፈት ይሆናል፤ የሚከፈተው እሷን ለማባረር ቢሆንስ?

እሑድ ከሰዓት እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ፊትሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» አለች እናት።

ሁሉንም ነገረቻት። ስትጨርስ እናት የያዘችውን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«አባትሽ የሚልክብኝን ቃል እንደምታሳምሪው አውቅ ነበር» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ኧረ እንዴት አላውቅም! ያ ሰውዬ በዕድሜው ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎ ያውቃል?» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ ለኔ አስባ ነው እል ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ተቀምጬ አስበዋለሁ። ምን ይለኝ ነበር እላለሁ። የሚመጣልኝ ያንቺ ድምፅ ነው፤ የልጅነት ድምፅሽ። የሱ የሆነ አንድም ቃል የለኝም። ስድቡ እንኳ የለኝም። ማን ያውቃል፣ ስድቡ ቢደርሰኝ እኔም መልሼ ሰድቤው፣ ተጯጩኸን ታርቀን ነበር። አሁን ሳለቅስ እንኳ ለየትኛው ሰው እንደማለቅስ አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ቢሆንም ጆሮ በዕድሜዋ ከሰማችው ነገር ሁሉ ይህ ከበዳት።

በማግሥቱ አስተማሪው ቤት ሄደች። እህቱ አስገብታት ወደ ውስጥ ዘለቀች። እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አፍህ አይደለም» አለችው። «አንተ ቁሚ ብለሃል። አጥርተህ ነው ያልከው፤ ቅጂውን ሰምቼዋለሁ። ማሽኑን እንደዚያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስትሳደብ እያለሰለስኩ፣ ስትጮህ እያረጋጋሁ ነበር የምጽፈው። ማሽን መሳደብ አይችልም ያልኩህም ውሸቴን ነው። የዘበኛው እግር በኔ ነው የተሰበረው።»

ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ ድምፁ ወጣ፤ ሻክሮ ነበር።

«ስንቱን ነው የለወጥሽው?»

«ብዙውን።»

«ከኔ ጋር ስናወራስ? ፌርማታው ላይ?»

«እሱን እንዳለ ነው የሰማሁት።»

«እንዴት አውቃለሁ?» አለ።

ጆሮ ራሷም እርግጠኛ እንዳልሆነች ገባት፤ ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነበር።

«ዓለም ሁሉ ሳይሰማኝ ሲቀር አንቺ አለሽ እል ነበር» አለ። ቃሎቹ ተጣብቀው፣ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት፤ እሷ ግን አንዱም አላመለጣትም። «እህቴ ስትናገርልኝ የሚያንገበግበኝን አንቺ ጋ መጥቼ እረሳው ነበር። ለካ አንቺ ጋም አልነበርኩም። ያ የምትወጂው ጨዋ ሰውዬ ማነው? እኔ አላውቀውም።»

«አንተን ነው የምወደው።»

«እኔን ሰምተሽኝ አታውቂም።»

ተነስታ ስትወጣ እህቱ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «ተናገረ?» አለቻት ዓይኗ በርቶ። «ምን አለሽ?»

ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳመረችም። «ሰምተሽኝ አታውቂም አለኝ፣ እትዬ» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ቢሮ ተመልሳ ኢንጂነሩን አንድ ነገር ለመነችው፤ ጽሑፉን ሁሉ ከመጀመሪያው ልድገመው አለች። ኢንጂነሩ ተከራከረ፣ ተነጫነጨ፣ በመጨረሻ ፈቀደ። የአስተማሪው የድሮ ጓደኛ በሌላ ከተማ ማሰልጠኛ ከፍቷል፤ ስልኩ የሚለውን በትክክል የሚል ከሆነ እቀጥረዋለሁ ብሏል። ጆሮ ይህንን ታውቃለች። ሥራዋን በደንብ ከሠራች እሱ ይሄዳል። ካበላሸችው ይቀራል።

ማዳመጫዋን ደፍታ ቁጭ አለች። የሰማችውን ጻፈች።

አንድ ጊዜ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እስኪያንቃት ሳቀች፤ አንዱን ተማሪ «አንተ እኮ ቆመህም ትጋጫለህ» ብሎት ነበር፣ እሷ ግን ያን ጊዜ «ጥንቃቄ አድርግ» ብላ ነበር የጻፈችው። አንዱ ቦታ ላይ ደግሞ ድምፁን አቆመችው። «ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል» የሚል ጽሑፍ ነበር የሷ። ድምፁን ደጋግማ ሰማችው። ያለው «አንዳንድ ጠዋት ባልነቃሁ እላለሁ» ነው። ያን ቀን ይህንን ተናግሮ ቀና ብሎ አይቷት ነበር፤ ምን ትለኝ ይሆን ብሎ። እሷ ፈገግ ብላለት «ሻይ ላምጣልህ?» አለችው። አሁን የስፖንጁ ግድግዳ ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች።

የምትወደውን ሰው ገና አሁን ተዋወቀችው። ከጻፈችው ሰው ይልቅ ቁጡ ነው፣ ይልቅ አስቂኝ ነው፣ ይልቅ ደግሞ ያዘነ ነው። ከጻፈችው አብልጣ ወደደችው። ጊዜው ግን አልፏል።

ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻው ፍተሻ ነበር። አስተማሪው ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች፤ ማሽኑ በራሱ የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግማል፤ ከጽሑፏ ጋር ከገጠመ ትክክል ነው ብላ ታጸድቃለች። ኢንጂነሩ ሊያስተባብር ቆሞ ነበር፤ ሁለቱን አየና ስልክ እደውላለሁ ብሎ ወጣ።

አስተማሪው ጢሙን ተላጭቷል። የሄደ ሰው ፊት ነበረው።

«ይሄ ወንበር ዛሬም እንደ ባለቤቱ ይንቋቋል» አለ። ጻፈች። ማሽኑም እንዳለ ደገመው። አስተማሪው ስልኩን እንደ አዲስ ጎረቤት አየው።

«ኢንጂነሩ ፈሪ ነው» አለ። ጻፈች። ማሽኑ «ኢንጂነሩ ፈሪ ነው» አለ።

ከዚያ ዝም አለ። ታች የሚጮህ ነገር አልነበረም። ሁለቱም የሚደበቁበት ድምፅ አጡ።

«ተናድጄብሻለሁ» አለ።

ጻፈች።

«ዘበኛውን በየሳምንቱ እየሄድሽ እንደምትጠይቂው ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ ተናድጄብሻለሁ።»

ጻፈች።

«እወድሻለሁ።»

ጻፈች። ማሽኑ በዚያ ባልተጨነቀ ድምፁ «እወድሻለሁ» አለ። አስተማሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለ። «አልመለስም።»

ጆሮ የመጻፊያ ቁልፎቹ ላይ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ሌላ ቃል ሁሉ ጣቷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እስክረጋጋ፣ ለጊዜው፣ ምናልባት። ዕድሜዋን ሙሉ ስታቀብል የኖረችው ቃል ሁሉ ተሰልፎ ጻፊኝ ጻፊኝ ይላታል። እሱ ዞር ብሎ ያያታል። የሚያየው ዓይኗን አልነበረም፤ እጇን ነበር።

«ነገ እሄዳለሁ። አልመለስም» ብላ ጻፈች።

ማሽኑ ትንሽ ቆየና ጥርት ባለ ድምፅ ደገመው። አንድም ፊደል አልቀነሰም፣ አንድም አልጨመረም። ከዚያ «ትክክል ነው?» የሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ላይ መጣ።

እንባዋን ሳትጠርግ «አዎ» የሚለውን ተጫነች።